ወንድሜ ስለ እርዳታ ሲናገር

ታላቅ ወንድሜ ምክር ቤት በገባ ሰሞን፣ ፒያሳ ያለችው ፀጉር ቤቴ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ሰቀልኩ። ለደንበኛ ብዬ ነው እል ነበር እንጂ እውነቱን ለመናገር እሱን ለማየት ነው። ስብሰባው በቀጥታ ሲተላለፍ፣ የሰው አንገት ላይ ምላጭ ይዤ አንድ ዓይኔን ወደ ላይ እሰቅላለሁ። ደንበኞቼ ሙድ ይይዙብኛል። «ጆሮዬን አደራ፤ የተከበሩ ወንድምህ ገና እጃቸውን አላወጡም» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። ያኔ ለመሳቅ አቅም ነበረኝ።

ወንድሜ የተመደበው የውጭ ግንኙነትንና የሰላምን ጉዳይ በሚያየው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። እጁን ካወጣ ወይ ስለ ወሰን ነው፣ ወይ ስለ ባሕር በር ነው፣ ወይ ስለ እርዳታ ነው። ስለ ወሰንና ስለ ባሕር ሁሉም ይናገራል። ስም ያስገኘለት የእርዳታው ነገር ነው። አንድ ቀን፣ ከውጭ ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶችን የሚመለከት ረቂቅ አዋጅ ቀርቦ፣ መነጽሩን አውልቆ ተነሳ። «ስንዴ የሚያድለን ሰው መንገዳችንን፣ ድልድያችንን፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይቀር መዝግቦ ነው የሚመለሰው። ነገ ለድርድር ስንቀመጥ ያንኑ አውጥቶ ፊታችን ይዘረጋዋል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እርዳታቸው በአፍንጫችን ይውጣ» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ፀጉር ቤቴም አጨበጨበ። ፊታቸው በሳሙና አረፋ የተሸፈነ አንድ ሽማግሌ ሳይቀሩ ከፎጣው ሥር እጃቸውን አውጥተው አጨበጨቡ። «ወንድምህ ወንድ ነው» አሉኝ። እኔ ምላጩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ታናሽ እህታችን ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከፀጉር ቤቴ ጀርባ ባለው ቤቴ ነው የምትኖረው፣ በሕይወት ያቆያት ደግሞ ያው ወንድሜ በአፍንጫችን ይውጣ ያለው እርዳታ ነበር።

ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቅን ቆይቷል። ባሏ ነው ጥሎላት የሄደው። መድኃኒቷን ግን አጥብቃ ስለምትውጥ እኔን በጤና ታስንቀኛለች፤ ዳገት ስትወጣ እኔ ነኝ የማለከልከው። መድኃኒቱን የምትወስደው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ በውጭ ሰዎች ገንዘብ ከሚሠራ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበር። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ትወርድና ታክሲ ቀይራ ትሄዳለች። ለምን እዚያ ድረስ? የእኛ ሰፈር ሰው ጉንፋን ከሆነ የያዘው እዚሁ ይታከማል። እንዲህ ያለ ነገር ከሆነ ከተማ አቋርጦ ይሄዳል። የዚያኛው ሰፈር ሰው ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ተጠጋግተን ስንቀመጥ፣ ይኼ ሁሉ ሰው አንድ ነገር ደብቆ ነው የሚተላለፈው እል ነበር። ቤት ስትገባ የጠርሙሱን ጽሑፍ ልጣ ትጥላለች። ክኒኑ ሲንሿሿ ሰው እንዳይሰማ ጠርሙሱ ውስጥ ጥጥ ትጠቀጥቃለች።

እናታችን ናት ይኼን ሕግ ያወጣችልን። ሞት አልጋ ላይ ሆና እጄን ይዛ፣ «ለታላቃችሁ እንዳትነግሩት። እሱ ገና የሚወጣው ዳገት አለ፤ ጠላት ስም ያወጣለታል» አለችኝ። እህቴም በዚያው ቃል ታሰረች። የእኔም ነገር ነበረበት፣ አልዋሽም። የፒያሳ ደንበኛ የራሱን የፀጉር መቁረጫ ቶንዶስ በፌስታል ይዞ የሚመጣ ነው። የራሱ የሌለው ደግሞ የእኔን በአልኮል ስጠርገው አፍጥጦ ያያል። እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ሕመም አለ ቢባል ወንበሬ ላይ ዝንብ እንኳ አያርፍም።

ወንድሜን ክፉ ሰው አድርጌ ልስለው አልፈልግም። በወጣትነቱ ገጠር ያስተምር ነበር። በዚያ በድርቅ ዘመን የእህል መኪና ትምህርት ቤቱ ደጅ ቆመ። ልጆቹ ጣሳቸውን ይዘው ተሰለፉ። ካሜራ የያዘ ሰውዬ መጥቶ ብርሃኑ አልተስማማኝም ብሎ፣ ጣሳቸው ከተሞላ በኋላ መልሰው እንዲደፉትና እንደገና እንዲለምኑ አደረጋቸው። ወንድሜ «የለመነ አገር በጠረጴዛ ዙሪያ አፍ የለውም» የሚለው ከዚያ ተነስቶ ነው። እኔም ሲያወራ ስሰማው አምነዋለሁ። ችግሩ ቤቴ ስገባ ነው።

አዋጁ ሊጸድቅ ሲል እሑድ ለምሳ መጣ። ያንኑ ወሬ ጀመረ። እህቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ እንደ ቀልድ፣ «ጋሼ፣ መድኃኒት የሚያመጡትስ?» አለችው። እጁን ከትሪው አነሳ። እሷን ሳያይ፣ ግድግዳውን እያየ፣ «መድኃኒት የመንግሥት ሥራ ነው። መንግሥት ይሰጣል። ማንም አይቸገርም» አላት። «ማንም አይቸገርም» ብሎ ደገመው። እኔ ደሜ ፈላ፤ ምክር ቤት የለመደውን ቤታችን አመጣብን ብዬ። እሷ ግን ፈገግ ብላ ውሃ ቀዳችለት።

አዋጁ ጸደቀ፤ ከዚያ ክሊኒኳ ቀስ በቀስ ሞተች። መጀመሪያ የውጭ ግንቧ ላይ የነበረው ጽሑፍ በነጭ ቀለም ተቀባ። በሚቀጥለው ስትሄድ ዘበኛው የማታውቀው ሰው ሆነ፤ ስሟን ብትነግረው ከነማን ጋር እንደመጣች ጠየቃት። እንደ እሷው ሕመሙ ያለባቸው፣ እየተቀጠሩ ሌላውን የሚያጽናኑ ሴቶች ነበሩ፤ እነሱም አንድ በአንድ ጠፉ። የወራት ይሰጧት የነበረውን መድኃኒት የሳምንታት ብቻ ሰጧት። መጨረሻ ላይ አንዲት ነርስ በር ላይ ቆማ፣ «በየሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ አለ፤ ወደዚያ ሂዱ፣ አትፍሩ» ብላ ሸኘቻቸው።

የእኛ ጤና ጣቢያ ከቤታችን በር ትይዩ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። በካርድ መስኮቱ የምትቀመጠው የእድራችን ዳኛ ልጅ ናት። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ እድራችን ሳስቷል፤ የቀረነው ጥቂቶች እርስ በርስ ማን ምን እንደበላ ሳይቀር የምንተዋወቅ ነን። በጠዋት እድር ውስጥ የተነገረ ነገር ከሰዓት በፊት በሥላሴ በኩል ዞሮ አራት ኪሎ ይደርሳል። እዚያ ደግሞ ወንድሜ ተቀምጧል። ቢሆንም እህቴ፣ «ሄድኩ እኮ፤ ምንም አላሉኝም፤ ሰጡኝ» አለችኝ። አመንኳት። ደስም አለኝ።

ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ። ፒያሳ ተቆፍሮ አቧራው ሰማይ ነክቷል፤ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ይስላል። እህቴም መሳል ጀመረች። «አቧራው ነው» አለችኝ። ቀሚሷ ሰፋት። «ጾሙ ነው» አለችኝ። ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርባ ትቀመጥ ጀመር። ጎረቤቶች ሲመጡ ተነስታ ትስቃለች። ስለ ወንድማችን ንግግር ሲያሞግሱ፣ «እሱማ የአገር ሰው ነው» ትላለች። ሲወጡ ግድግዳ ይዛ ወደ አልጋዋ ትመለሳለች።

አንድ ጠዋት መድኃኒቷን ላቀብላት ብዬ ጠርሙሱን ከትራሷ ሥር አወጣሁ። ቀለለኝ። ክዳኑን ከፈትኩት። ጥጥ ብቻ ነው።

«መቼ ነው ያለቀው?» አልኳት።

ጋቢዋን ወደ አንገቷ ሳበች።

«ጤና ጣቢያው የሰጠሽስ?»

«አልሄድኩም» አለችኝ። «በመስኮቱ በኩል ያለችውን ታውቃታለህ። እንዴት ብዬ ልሂድ? የጋሼ እህት እንዲህ ናት ይባል? እሱ ከውጭ ሰዎች ጋር አንገቱን ቀና አድርጎ በሚነጋገርበት ሰዓት?»

ጮህኩባት። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ምን እንዳልኩ እንኳ በደንብ አላስታውስም። እሷ ጮኼ እስክጨርስ ጠበቀችና፣ «ሱቅህስ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ለካ ለእኔም ብላ ነው። «ለጋሼ እነግረዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ብዙ መሄድ አላስፈለገኝም። ከልዑካን ቡድን ጋር ወደ ውጭ ሊበር ስለነበር በዚያው ጠዋት ሊላጭ መጣ። ሾፌሩን ከደጅ አስቀረው። በሩን ከውስጥ ዘግቼ ፎጣውን አለበስኩት። ግማሽ ፊቱን እስክጨርስ ስለሚሄድበት ስብሰባ ነገረኝ። ለጋሾቹ «እርዳታውን መልሰን እንጀምር፣ እናንተ ግን በወሰኑ ጉዳይ ለዘብ በሉ» ይሉናል ብሎ እንደሚጠረጥር፣ እሱ ግን ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀርቡ እንደማይፈቅድ ነገረኝ። ትክክል ነው። ምላጩን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ እህትህ ታማለች። በሽታዋን አታውቀውም።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

በመስታወቱ ውስጥ ተያየን።

«እማዬ ነግራኛለች» አለ። «ማወቄን እሷ እንዳታውቅ ብላ አስማለችኝ። እንዳትሳቀቅብኝ ብላ። አዋጁን ልደግፍ ስል መጀመሪያ ያጣራሁት ምን ይመስልሃል? ጤና ጣቢያውን አስጠየቅኩ። መድኃኒቱ አለ። ደጃችሁ ላይ ነው። ለእሷማ እንዲያውም ይሻላታል አልኩ፤ ያን ሁሉ መንገድ ከመሄድ።»

«አልሄደችም።»

«ለምን?»

«ላንተ ስም ብላ ነዋ!»

ከወንበሩ ተነሳ። ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። ፎጣውን ከአንገቱ ነቅሎ ጠረገውና ቀድሞኝ ወጣ። በጓሮ በኩል ተከተልኩት። ቤት ስንደርስ እህቴ ጋቢዋን ለብሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። በሱፉና በክራባቱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጉልበቷን ያዘ። እኔ የወንድሜን እንባ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«ተነሺ፤ አሁኑኑ አብረን እንሄዳለን» አላት።

እህቴ ፊቱን አየችው። በደንብ ያልተላጨውን ጉንጩን በእጇ ዳበሰችው። «አንተ አትምጣ፣ ጋሼ» አለችው። «ሰው ያይሃል።»

«ይዩኝ!» እስኪላት ጠበቅኩ። ምክር ቤት ውስጥ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ለታላላቅ መንግሥታት የሚበጅ መልስ አያጣም። እሱ ግን ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ትከሻው ወረደ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ለቀቀው። እፎይ ያለ ሰው ፊት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። «እንዳልሽ» አላት፣ ቶሎ ብሎ። «ወንድምሽ ይውሰድሽ። ስመለስ በየቀኑ እመጣለሁ።»

«ሂድ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጥህ» አለችው። ግንባሯን ስሞ ወጣ። የመኪናው ድምፅ ራቀ።

«አየኸው?» አለችኝ።

«አየሁት።»

«እና ለማን ብዬ ነው የምደበቀው? ጫማዬን አቀብለኝ።»

ደግፌያት አስፋልቱን ተሻገርን። ሠራተኞቹ ቁፋሮውን አቁመው አሳለፉን። በሁለት ቦታ ቆማ አረፈች። የካርድ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት የሰፈር ሴቶች ሰላምታ ሰጧት። እሷ ምን እንዳለባትና ምን ልትወስድ እንደመጣች፣ ሁሉም እየሰማ፣ ለዳኛው ልጅ ነገረቻት። የዳኛው ልጅ ምንም አልጠየቀቻትም። ከመስኮቱ ወጥታ በሌላ ጎኗ ደገፈቻትና ወደ ውስጥ አስገባናት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የእህቴን ጀርባ ብዙ አዳመጠች። ደም አስቀዳች፣ ራጅ አስነሳች፣ ሌላ ሐኪም ጠርታ አማከረች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ አስወጣችኝና በሩን ከኋላዋ ገፋ አደረገችው።

«መድኃኒቱ እኮ እዚህ አለ» አለችኝ። «አንድም ቀን አላጣንም። እስከዚህ እስክትደርስ ድረስ የት ነበራችሁ?»

«እዚሁ» አልኳት። «ከመንገዱ ማዶ።»

ወደ ገዛ ጫማዋ አየች። «ሌላ ቤተሰብ ካላት ዛሬውኑ ጥራ» አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ተዘግቷል። ስለ አገር ሊናገር በሰማይ ላይ ነበር።