እጅ ያወጡት ተሳፋሪ

እኚያ ሴትዮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከለቡ ታክሲ ሲሳፈሩ ጋቢና፣ ከሾፌሩ ከሙሉሰው ጎን ነው የሚቀመጡት። ጭናቸው ላይ የሚያስቀምጡት ነጭ ጋዋን እጅጌው በአሲድ ተበስቷል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ የሚጸልዩ ይመስለው ነበር፤ ለካስ የንጥረ ነገሮችን ስም እየሸመደዱ ኖሯል።

«ሂሳብ ሳስተምር ሸበትኩ» ብለውታል አንዴ፤ «ግን የኬሚስትሪ አስተማሪ ጠፍቶ ላቦራቶሪያችን እንደተቆለፈ ልጆቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ማየት መረረኝ። ይኸው ለኬሚስትሪ መምህርነት ድህረ ምረቃ ገባሁ።»

ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት ሲቃረቡ «ወራጅ አለ» በማለት ፈንታ፣ እንደ ተማሪ እጃቸውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው አወጡ። ወዲያው ደነገጡ። ሙሉሰው መኪናውን ጥግ አስያዘና ኮስተር ብሎ፣

«እሺ፣ እርስዎ ይመልሱ!» አላቸው።

ሴትዮዋ ጋዋናቸውን አቅፈው ተንከትክተው ሳቁ።

«ወራጅ አለ፣ ቲቸር!»