በዚህች ቀዳዳ ምን ወጣ?

ዛሬ ከሆስፒታል ወጥቼ ከተማችን ወገዳ እንደገባሁ ታላቅ እህቴ ሸሚዜን ገልባ ሆዴን አየችና ክው አለች።

«በዚህች ቀዳዳ የአንጀት ካንሰር ይወጣል? ሸውደውሃል!»

«ቀዳዳው አራት ነው፣ እታለም። በካሜራ እያዩ የታመመውን አንጀት ቆረጡና ከእምብርቴ በታች፣ በዚህ ስፌት በኩል አወጡት።»

(ስፌቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ማስመሪያ አያጣም።)

«ሁሉም ወጥቷል?»

«የወጣው እየተመረመረ ነው። መሰራጨት አለመሰራጨቱ የሚታወቀው ውጤቱ ሲመጣ ነው።»

«እስከዚያስ?»

እሷ እንባዋን ጠረገች። እኔ ምንም አልተሰማኝም፤ ሸሚዜን ቆለፍኩ።

እንዲህ ያለ ውጤት የጠበቃችሁ ወዳጆቼ፣ እስከዚያ ቀኑን እንዴት ነበር የምትውሉት? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ለእሷም አነብላታለሁ።