በበረዶው ላይ የቀሩት ሰዎች

ሩሀማ አዋላጅ ነርስ ናት። ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ዕድሜዋን ያጋመሰች፣ ድምፅዋ ከፍ የማይል ሴት። በእጇ የተወለዱ ሕፃናት አድገው ራሳቸው ሊወልዱ ይመጡባታል። የሥራ ባልደረቦቿ «ሩሀማ እኮ አትደነግጥም» ሲሉ ታላቅ ወንድሟ ማርቆስ ይስቃል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያስጨንቃት የኖረውን ነገር እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ልጅ ሳለች ከማንጎ ዛፍ ወድቃ እግሯ ተሰበረና ክረምቱን በሙሉ በጀሶ ታስራ አልጋ ላይ ዋለች። ማርቆስ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር የሰጠውን አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ እግርጌዋ ይቀመጥና ወደ አማርኛ እየመለሰ ይተርክላት ጀመር። ወደ ደቡብ ዋልታ ስለሄዱ መርከበኞች የተጻፈ ነው። ሩሀማ በረዶ ሲባል የምታውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ጠጠር ብቻ ነበርና ነገሩ አልገባትም።

«ሐይቃችን ከዳር እስከ ዳር እንደ ሲሚንቶ ቢደርቅና ጀልባዎቹ እዚያው ተይዘው ቢቀሩ ብለሽ አስቢ» አላት ማርቆስ። «ልክ እንደዚያ ነው።»

መርከቢቱን በረዶው ጨፍልቆ ሰበራት። ካፒቴኑ ጥቂት ሰዎች ይዞ በትንሽ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ሄደ። የቀሩት በረዶው ዳር ላይ ድንኳን ተክለው ይጠብቁት ጀመር። ከእነሱ መሀል አንድ ወፍራም ወጥ ቤት ነበር፤ የሚበላ ሲጠፋ እንኳ ነገ ምን እንደሚሠራላቸው እያወራ የሚያስቃቸው። መጽሐፉ እዚህ ላይ ያልቃል። ሽፋኑም የመጨረሻዎቹ ገጾችም ተገንጥለዋል፤ ሥዕሎቹንም አንድ ሰው በምላጭ እየቆረጠ ወስዷቸዋል።

«ከዚያስ?» አለች ሩሀማ።

«አላውቅም።»

«መጣላቸው?»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ! ከፈለግሽ ፈጥሬ ልንገርሽ።»

«አልፈልግም። እውነቱን ነው የምፈልገው።»

የዚያን ዕለት ማታ በቤተሰብ ጸሎት ላይ ተራዋ ሲደርስ «ጌታ ሆይ፣ በበረዶው ላይ የቀሩትን ሰዎች አስባቸው፤ ወፍራሙንም ወጥ ቤት» አለች። አባቷ ሊስቅ ሲል እናቷ ጎሸም አደረገችው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ለመደው፤ ሩሀማ ስትረሳ እንኳ እናቷ «ያንቺዎቹስ?» እያለች ታስታውሳት ነበር።

መጽሐፉ ቤት ሲቀይሩ ጠፋ። ካደገች በኋላ ቤተ መጻሕፍት ጠየቀች፤ ስልኳም ላይ ፈለገች። ግን ርዕሱን አታውቀው፣ የዋልታ ጉዞ ታሪክ ደግሞ ብዙ ነው፤ በብዙዎቹም ሰዎቹ ያልቃሉ። ማወቁ ራሱ እያስፈራት መጣና ተወችው።

በቀደም ከሥራ ስትወጣ ዝናብ ጣለ። ጠሀ የሚባል አሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ መንገድ ዳር የዘረጋቸው መጻሕፍት ሊበሰብሱበት ሆነና ላስቲክ ሲጎትት አይታ ጫፉን ያዘችለት። እዚያው አጠገቧ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ ሽፋኑ ላይ በበረዶ መሀል ያዘነበለች መርከብ። ገለጥ አደረገችው። ፎቶግራፍ፣ የእጅ ሥዕል፣ ካርታ። ጀልባ የሚጎትቱ ሰዎች። ከዚያ ድስት ታቅፎ የሚስቅ ወፍራም ሰው።

«እሱ ነው!» አለች ጮክ ብላ።

«ማን?» አለ ጠሀ።

«ወጥ ቤቱ!»

ጠሀ ግራ ገብቶት አያት። «ሙሉ ነው?» ስትለው ግን ቶሎ መለሰ፤ «እትዬ፣ አንድ ገጽ አልጎደለውም። መጨረሻውን ይዩት።»

አላየችም። ዋጋ ሳትከራከር ገዝታ በጋዋኗ ጠቀለለችውና ባጃጅ ይዛ ማርቆስ ጎሚስታ ቤት ሄደች። ማርቆስ ጎማ እየፈታ ነበር።

«ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አለችና መጽሐፉን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችለት።

ማርቆስ ሽፋኑን አየ። እጁን ታጠበ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ያቋረጡበትን ፈልጎ አገኘና እንደ ድሮው ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብላት ጀመር። ካፒቴኑ መርከብ አግኝቶ ተመለሰ፤ በረዶው አላሳልፍ አለው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ መለሰው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ደከሙ፤ አንዳንዶቹ መነጋገር አቆሙ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሩሀማ። አግዳሚውን ጨምድዳ ይዛለች። ትንሽ ቆይታ «እሺ፣ ቀጥል» አለች።

አንድ ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ መርከብ ታየች። ካፒቴኑ ገና ከጀልባው ሳይወርድ ዳር ላይ የቆሙትን በዓይኑ እየቆጠረ ነበር። ወጥ ቤቱ ቀድሞ ሄዶ ጨበጠውና፣ ለምሳ ያስቀረንልህ ነገር የለም፣ ይቅርታ አድርግልን አለው። ቀጣዩ ገጽ ላይ ሁሉም ብርድ ልብስ ተከናንበው መርከቢቱ ላይ ተሰልፈዋል። የአንዱን የእግር ጣቶች ብርድ በልቷቸዋል እንጂ የሞተ የለም።

ሩሀማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

«አንቺ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ቤታቸው የገቡት አባታችን ሳይወለድ ነው» አላት ማርቆስ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ።

«ይሁና። እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው።»

ስልኳን አውጥታ ይርጋለም ለምትኖረው እናቷ ደወለች። «እማዬ፣ መርከበኞቹ ተመልሰዋል።»

እናቷ የቱ መርከበኞች ብላ አልጠየቀችም። «ወፍራሙም?» አለች።

«ወፍራሙም!»

ማርቆስ ወደ ጎማው ተመለሰ። ሩሀማ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሥዕሎቹን ከመጀመሪያው ጀምራ ቀስ እያለች ገለጠቻቸው። ድንገት በጣም እንደራባት ታወቃት። ከጎን ካለው ቁርስ ቤት ፉል አዘዘችና ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ በላች።