የአሬጓ መስመር አጭር ዓምዶች

ዙኒልዳ ካኜቴና እኔ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ከሆነ አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። የምንሠራው በዋና ከተማችን በአሱንሲዮን ዙሪያ ያሉትን ከተሞች በሚያገናኝ የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ የሾፌሮችን ፈረቃ እይዛለሁ። እሷ በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ የሚያሳየውን ወርሃዊ ሪፖርት ታዘጋጃለች። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ገጽ አለው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ደግሞ ዓምድ ዓምድ የተሠራ አንድ ግራፍ።

ቀደም ሲል ግራፎቹን የምታስተካክለው በዓይኗ ነበር። ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ከተረፈ ግራፉን በማውስ ጎትታ ትለጥጠዋለች፤ ጽሑፍ ከበዛ ትጨምቀዋለች። ገጾቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ያምሩ ስለነበር ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

በመጋቢት ወር የአሬጓ መስመር ገጽ ላይ ስለ መንገድ ጥገና ረዘም ያለ ማስታወሻ መግባት ነበረበት። ለማስታወሻው ቦታ ሲለቀቅለት ግራፉ ወደ ታች ተገፋና ቁመቱ በግማሽ አነሰ። ቀጥሎ የሚመጣው የኢታ መስመር ግራፍ ግን እንደ ወትሮው ገጹን ሞልቶ ነበር። በስብሰባው ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዶን ኤሌውቴሪዮ ብሪዙዌላ ገጾቹን ግድግዳው ላይ ቶሎ ቶሎ አሳለፏቸው። አሬጓ ላይ ሲደርሱ አጫጭር ዓምዶች፣ ኢታ ላይ ረጃጅም ዓምዶች አዩ። የአሬጓ ጠዋት ሞቷል አሉና ሦስት የጠዋት አውቶቡሶች ወደ ኢታ እንዲዛወሩ ወሰኑ። የተቃወመ አልነበረም። ዙኒልዳ ራሷ እዚያ ተቀምጣ ውሳኔውን አምናበት እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

በሁለተኛው ሳምንት የአሬጓ ስምሪት ሠራተኛ ፔርላ ኦቬላር በዝናብ የራሰ ጫማዋን እየጎተተች ቢሯችን መጣች። በበረዶ የቀዘቀዘውን የቅጠል መጠጣችንን፣ ቴሬሬን፣ በየተራ እየጠጣን ስለነበር ዋንጫውን ዘረጋሁላት። አልፈልግም አለች። ፔርላ ቴሬሬ እምቢ ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

“ወይዘሮ ዙኒልዳ፣ እኔ የምልክልዎት ቁጥር ይደርስዎታል?” አለች።

“ይደርሰኛል።”

“እንግዲያው አውቶቡሶቹን ለምን ወሰዱብን? ጠዋት ሰልፉ ዳቦ ቤቱን አልፎ ይሄዳል። የሚሰድቡት ደግሞ እኔን ነው። አንዷማ ‘አውቶቡሱን ቁርስ አደረግሽው ወይ?’ አለችኝ።”

ዙኒልዳ ሁለቱን ገጾች አትማ አንዱን በሌላው ላይ አድርጋ መስኮቱ መስተዋት ላይ ለጠፈቻቸው። በጠዋቱ ሰዓት አሬጓ ላይ አራት መቶ አሥር፣ ኢታ ላይ አራት መቶ አምስት ተሳፋሪ ይላል። የአሬጓው ዓምድ ግን የኢታውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ብዙ ቆማ አየችው።

“ቁጥሩ ትክክል ነው። ዓምዱን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ” አለች።

ፔርላ ከሄደች በኋላ ዙኒልዳን ዝም እንድትል መከርኳት። ቅሬታው በራሱ አውቶቡሶቹን ያስመልሳል፤ ስለ ግራፉ ማንም አያነሳም አልኳት። እሷ ግን በማግስቱ ጠዋት አሬጓ ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ሁለት አውቶቡሶች ጢም ብለው ሳይቆሙ አለፏት። ከፊቷ የቆመች ነርስ፣ ከዚህ በፊት በፈረቃዋ አርፍዳ እንደማታውቅና አሁን ግን በሳምንት ሦስት ቀን እንደምታረፍድ አጫወተቻት። ዙኒልዳ ቢሮ ስትገባ ረፋድ ሆኗል። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሁለቱን ወረቀቶች ይዛ ወደ ዶን ኤሌውቴሪዮ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር የሚነጋገሩት ይሰማኝ ነበር።

“ታዲያ እኔ ቁጥር ማንበብ አልችልም ልትዪኝ ነው?” አሏት።

“ይችላሉ፣ ዶን ኤሌውቴሪዮ። ግን ያን ቀን ማናችንም አላነበብንም። ቁመት ነው ያየነው። የተሳሳተውን ቁመት ያቀረብኩልዎት ደግሞ እኔ ነኝ።”

እንዲህ ያለ ሌላ ስንት ገጽ እንዳለ ጠየቋት። አላውቅም አለች። ከጥፋቱ ይልቅ ያስደነገጣቸው ይህ መልስ ይመስለኛል። ማስመሪያ አስመጡና አሥራ አራቱንም ገጾች አብረው ለኩ። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ግራፍ አልተገኘም።

አውቶቡሶቹ በሚቀጥለው ሰኞ ወደ አሬጓ ተመለሱ። ዙኒልዳ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት፤ ያለ ክርክር ፈረመች። የተሳፋሪው ቁጥር ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አንዳንዱ ሞተር ሳይክል ገዝቷል፣ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር በመኪና መሄድ ለምዷል። ይህን ዙኒልዳ የሰማችው ከፔርላ ነው።

ከዚያ ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ሠራችው። በማውስ መጎተት ቀረ። የእያንዳንዱ ግራፍ ስፋትና ቁመት በቁጥር ይጻፋል፣ የሚጀምርበትም ቦታ አንድ ነው፣ ዓምዶቹ የሚለኩበት ከፍተኛ ቁጥርም በሁሉም ገጽ ላይ ያው ነው። ረጅም ማስታወሻ ካለ ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል። ገጾቹ ውበታቸው ቀነሰ፤ አንዳንዶቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው።

የጋራዡ ኃላፊ ሩፊኖ አማሪያ በዚያ ዓመት ጥሩ ስለሠራ በሪፖርቱ መጨረሻ ያለው የጋራዡ ግራፍ ከሌሎቹ ተለቅ እንዲልለት ሊያግባባት መጣ።

“ዙኒ፣ ትንሽ ብቻ ዘርጊልኝ፤ ለዓይን ሞላ እንዲል።”

“አንተ ጋራዥህን ሙላ፤ ገጹን ለእኔ ተውልኝ” አለችው። አብረን ሳቅን፤ እሱ ግን ሁለት ሳምንት አኮረፈ።

አንድ ቀን ምሳችንን ስንበላ፣ ድሮ ሰው ሪፖርት የሚያየው ገጽ በገጽ እየለየ ይመስላት እንደነበር ነገረችኝ። “ሰው የሚያየው ግን ቅድም ካየው ጋር እያስተያየ ነው። እኔ ሳላስበው መጠኑን ከገጽ ገጽ ለዋወጥኩበት” አለች፤ መብላቷንም ቀጠለች።

ባለፈው ወር ድርጅታችን አንድ አዲስ መስመር ተረከበ። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የላኩት ግራፍ በራሱ መጠን የተሠራ ነበር። ዶን ኤሌውቴሪዮ በዚያው ቀን ስብሰባ ላይ እንዲታይ ፈለጉ። ዙኒልዳ በእኛ መጠን እንደገና ለመሥራት አንድ ሳምንት ጠየቀች። ሰዓታቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፤ ከዚያ ስብሰባው ያለ አዲሱ መስመር እንዲቀጥል አዘዙ።