ያልተፈታው ስንቅ

ልጆቼ ዟሪ ይሉኛል። ሐሙሲት ወንዱ ልጄ ዘንድ እከርምና ደብረ ታቦር ሴቷ ልጄ ዘንድ እመጣለሁ፤ ደግሞ አንድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ እነሳለሁ። ዛሬ ዛሬ ዙረቱም እንደ ድሮ አይደለም። መንገዱ ሲከፈት ይሰነብትና ይዘጋል፤ መንገደኛን የሚሸኝ ሰው ፊቱ ለቅሶ ቤት የዋለ ይመስላል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። "አያቴ፣ ይሄስ ባይጻፍ" ስትለኝ "ጻፊው" እላታለሁ።

ደብረ ታቦር ልጄ ግቢ፣ ከጓሮ በኩል፣ ከገጠር መጥተው ለሚማሩ ልጆች የምትከራይ አንዲት ክፍል አለች። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሴቶች ነበሩባት፤ አንዷ ከይፋግ፣ አንዷ ከጋይንት፣ አንዷ ከአንበሳሜ ወዲያ ካለ ገጠር። ስም አልጠራም፣ በአገራቸው ልጥራቸው። የአንበሳሜዋ ከሁሉም ታላቅ ነበረች። የአገሯ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እቤት ከርማ፣ እኩዮቿ ወልደው ልጅ ሲያዝሉ ነው አባቷን ለምና ደብረ ታቦር የገባች። ዝምተኛ ናት። ቧንቧ ጋ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ጀሪካኗ ላይ ቁጭ ብላ ለኔ ብቻ ነገረችኝ።

"እማማ፣ ሽማግሌ ተልኮብኛል።"

"አባትሽ ምን አለ?"

"ፈተናዋን ትፈተን ብሏል። ግን እቤት ነው ያለው፣ ለናቴ። ዘመድ ሲገፋፋው ቃሉን እንዳያነሳው እፈራለሁ። ሰው ፊት ቢለው ኖሮ አይመልሰውም ነበር። አባቴ ሰው ፊት የተናገረውን አያጥፍም።"

በዚያው ሰሞን መምህራቸው የቤት ሥራ ሰጣቸው። ሕዝቡን ካስጨነቀው ነገር ሁሉ በናንተ ላይ የከበደው የቱ ነው፣ ተነጋገሩና አንዱን ይዛችሁ ኑ፤ ቅዳሜ በወላጅ ስብሰባ ከየቡድኑ አንድ ሰው ቆሞ ይናገራል፣ አላቸው። ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን እያጠቡ ሲከራከሩ እኔ ከግንቡ ሥር ፀሐይ እሞቃለሁ።

"ሥራ ማጣት ነው እንጂ!" አለች የጋይንቷ። "የኔ ወንድም ኢንጂነር ነው። እናቴ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ እሱ ከሥሩ ተጋድሞ ይውላል።"

"እሱስ ተጋድሞ ይውላል፤ የኔ አጎት ከመኪና አውርደውት ጫካ ነው የሰነበተ" አለች የይፋጓ። "ለማስለቀቂያው በሬዎቹ ተሸጡለት። አሁን የሚያርስበት የለው፣ እንቅልፍ የለው። መንገድ ነው የከበደው!"

"አንቺ ሁልጊዜ መንገድ መንገድ! ሾፌር ልታገቢ ነው እንዴ?"

"ከተጋደመ ኢንጂነር ሾፌር ይሻላል!"

እኔም ሳይቀር ሳቅሁ። የአንበሳሜዋ አንገቷን ደፍታ ኮሌታ ታሻለች። "ከትምህርት አውጥቶ መዳርስ?" አለች ቀስ ብላ።

"እሱማ በየዓመቱ ይባላል፣ ሰለቸን" አለች የጋይንቷ። ልጅቱ ምን ታውቃለች! የአንበሳሜዋ ኮሌታዋን ማሸት ቀጠለች። ሴት ልጅ አባቷ በተቀመጠበት ስለ ገዛ ጋብቻዋ ቆማ አታወራም። ነገሩን ግን ጓደኛዋ ብትናገረው፣ የቡድኑ ሐሳብ ይሆናል እንጂ እሷ አሳብቃ አይሆንም፤ ሰዉ "እናንተ ወላጆችስ?" ሲል ከመካከል አባቷም እስክትፈተን አልድራትም ብሎ ሰው ፊት ቃሉን ይሰጣል። የልቧ ሐሳብ ይኸው ነበር።

ክርክሩ አላልቅ ሲል የይፋጓ ዞር አለችና "እማማ፣ አንቱ ዕጣ ያውጡልን። ዕጣ የወጣለት ሐሳብ ይሁን፣ ያሰበችውም ቆማ ትናገር" አለች።

"ቆሞ መናገሩንማ ለኔ ተዉልኝ" አለች የአንበሳሜዋ። "ለኔ ከወጣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትናገሩልኛላችሁ።" እሺ አሏት።

ዕጣ እንደ አገራችን ነው፤ እያንዳንዱ ምልክቱን ደብቆ ያመጣል፣ የምታወጣው የማን እንደሆነ አታውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የቀሚሴን ጫፍ ዘረጋሁላቸው፤ ጣል ጣል አደረጉ። አፈፍ አድርጌ አማታሁትና እጄን ሰደድኩ። እመቤቴ ማርያም፣ የዚችን ልጅ አውጪልኝ ብዬ በልቤ ለምኛለሁ፤ ጣቴ ግን የማንን እንደነካ ምን ያውቃል። ጠጠር ወጣ።

"የኔ ነው!" ብላ የይፋጓ ዘለለች። የጋይንቷ ገለባዋን አንስታ እፍ አለችው። የአንበሳሜዋ ከነጠላ ዘርፍ የተመዘዘ ክር አነሳችና ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

"ግድ የለሽም፣ አባትሽ ሲመጣ እኔው አናግረዋለሁ" አልኳት በኋላ።

ቅዳሜ አባትየው ስንቅ ተሸክሞ መጣ። ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ በሶውን በአንድ ጆንያ አድርጎ አፉን በሲባጎ አስሮታል። ክፍሏ ጥግ አስቀመጠውና "እስከ ገና ይበቃታል" አለ። ቀይ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዛ ገበሬ ነው። አረፍ ሲል ጠላ ቀዳሁለትና ጀመርኩ።

"ልጄ፣ ልጅህ ጎበዝ ናት።"

"እሱስ ናት። እስክትፈተን ማንም አይነካትም ብያለሁ፣ እናቴ። ትፈተንና ከዚያ እግዜር ያውቃል።"

ልጅቱ በሩ ጋ ቆማ ሰማች። ፊቷ ሲበራ አየሁ። እኔም በቃ አለቀ ብዬ፣ ሰው ፊት ድገመው ሳልለው ስብሰባው ላይ ተቀመጥሁ።

የይፋጓ ተነስታ ቆመች። "እኛ ክፍል ተቀምጠን መምህራችንን አንሰማም" አለች፤ "ጆሯችን መንገድ ላይ ነው። አባቶቻችን ስንቅ ይዘው ሲመጡ ደስ አይለንም፣ ሲመለሱስ ምን ያገኛቸው ይሆን እንላለን። ለበዓል አገራችን ስንሄድ እናቶቻችን እስክንደርስ እህል አይቀምሱም።" አጎቷ ከመኪና የወረደበትን ስትነግር ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ተጨበጨበላት። መምህሩ ከሁሉ የናንተ በለጠ አላቸው።

አባትየው አላጨበጨበም። ግቢ እስክንደርስ ከፊት ከፊታችን ሄደ። ደርሰን በትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈና "ልብስሽን ሰብስቢ" አላት።

"አባ?"

"ሰብስቢ አልኩሽ።"

"ምነው ልጄ፣ አሁን እኮ እስክትፈተን ብለህ ነበር" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣስ ቢሆን በመለስኩት ነበር። "እናቴ፣ አንቱ ትልቅ ሰው ነዎት፣ አይዋሹኝም። ያች ልጅ የተናገረችው እውነት ነው ውሸት?"

ውሸት ነው እንዳልል ቅዳሴ አስቀድሳለሁ፤ ደግሞ እኔው ራሴ በዚያው መንገድ ስንት ጊዜ እየተርበተበትሁ አልፌያለሁ። "እውነት ነው" አልኩት።

"እንግዲያስ ልጄን መንገድ አያስቀራትም። ዛሬ ክፍት ነው፤ ነገን አላውቅም።"

"እዚሁ ትቀመጥ፣ መንገድ አትውጣ። እኔ አለሁላት።"

"አንቱስ ነገ ሐሙሲት ነዎት። ቢዘጋስ ስንቋን ማን ያመጣላታል? ብትታመምስ በየት እመጣለሁ?" ድምፁ ወረደ። "እቤት አምጥቼ እንዳላስቀምጣት ደግሞ ኮረዳ ናት፣ ዘመኑን ያውቁታል። ባል እጅ ትግባ፣ ቢያንስ የሚጠብቃት ይኑር።"

የይፋጓ እግሩ ላይ ወደቀች። "አባባ፣ እኔ እኮ ስለ መንገድ ነው የተናገርኩ! እሷን ውሰዱ አላልኩም!"

"ተነሽ ልጄ፣ ደግ አደረግሽ፣ ዓይኔን ገለጥሽልኝ" አላትና እጇን ይዞ አነሳት። መርቋት ወጣ። ከዚያ ምርቃት ስድብ ይሻላት ነበር።

የአንበሳሜዋ አላለቀሰችም። ደብተሮቿን ለጋይንቷ ሰጠች፣ ጉልበቴን ስማ ከአባቷ ኋላ ሄደች። ስንቁን "እናንተ ብሉት" ብሎ ትቶላቸዋል።

በጥር ተዳረች። መንገዱ ተዘግቶ ሠርጓ ላይ የደረሰ ጓደኛ የለም፤ ወሬው ራሱ ዘግይቶ ነው የመጣልን።

ስንቁ ግን አልተነካም። የይፋጓ ክፍሉን በጠረገች ቁጥር ጆንያውን ታነሳውና ሥሩን ጠርጋ መልሳ እዚያው ታስቀምጠዋለች። ሽሮ ባለቀባቸው ቀን እንኳ ከጎረቤት ተበደሩ። "ኸረ ልጆቼ፣ ዱቄት ሲቆይ ይመርራል፣ ብሉት" ብላቸው "የሷ ነው" ትላለች የይፋጓ። ያ ሁሉ ጨዋታዋ የት እንደገባ እንጃ።

በጾሙ አጋማሽ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ተነሳሁ። መኪናው በአንበሳሜ በኩል ነው የሚሄደው። የይፋጓ ጆንያውን ተሸክማ እስከ መናኸሪያ ተከተለችኝ።

"እማማ፣ እዚያ ሲደርሱ ለሚያውቃት ሰው ይስጡልኝ።"

ጆንያውን ዳበስኩት። ሲባጎው አባትየው እንዳሰረው ነው። መቀበሉ አቅቶኝ አልነበረም፣ ረዳቱ ጣራ ላይ ይጭንልኝ ነበር። ግን ስንቋ ተመልሶ ቢደርሳት ምን ብላ ትተረጉመዋለች? አንጠብቅሽም ማለት አይደል?

"መልሺና እቦታው አስቀምጪው" አልኳት። መልሳ ተሸከመችው።

አንበሳሜ ስናልፍ ገበያ ነበር። ሾፌሩ ሳይመሽ እንግባ ብሎ አልቆመም። በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ ሴቶቹን ሳይ፣ ሁሉም ሻሽ ያሰሩ፣ ሁሉም የተሸከሙ ናቸው። አንዷ ቀና ያለች መስሎኝ እጄን አወጣሁ። አቧራው ሸፈናት።