አራት ጃኬት ለብሼ ከቶጎጫሌ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጅጅጋ ውስጥ ቦክሰኛ ነበርኩ። በአንድ ውድድር ዋዜማ ስመዘን ከክብደት ምድቤ አንድ ኪሎ ተኩል ትርፍ ተገኘብኝ። አሠልጣኛችን፣ ቀን ቀን ቢሮ የሚሠራ ሰውዬ፣ "ቶጎጫሌ ደርሰህ ተመለስ" አለኝ። "ጃኬት ደርብ፣ መስኮት ዝጋ። እንደ ሚኒባስ ላብ የሚያወጣ የለም።"

ያን ሰሞን ጤነኛም አልነበርኩም። በቀን ሁለት እንቁላል ብቻ ነበር የምበላው። እናቴ ሽንኩርት ስታቁላላ "ሆን ብለሽ ነው!" ብዬ ጮኼባታለሁ። የጥርስ ሳሙና ስለጣፈጠኝ በቀን ስድስት ጊዜ ጥርሴን እቦርሽ ነበር።

ከቶጎጫሌ ስንመለስ የኮንትሮባንድ ፍተሻ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ውረድ። ስንት ነው የደረብከው?"

"አራት ጃኬት።"

"ለማን ልታደርስ?"

"ለማንም! ቦክሰኛ ነኝ፣ ኪሎ እየቀነስኩ ነው።"

"ባለፈው አንዱ ሰባት ሱሪ ለብሶ 'በርዶኝ ነው' ብሎኛል" አለና በእጁ የያዘውን ሳምቡሳ ገመጠ። ቅርፊቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የሰው አፍንጫ ሰብሬአለሁ፤ እዚያው ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ፈታሹ ደነገጠ። "ኧረ ምን አልኩህ? እንካ፣ ብላው በቃ!"

"አልችልም!" ብዬ ለቅሶው ባሰብኝ።

አጠገቤ ተቀምጠው የመጡት ሶማሌ ነጋዴ፣ አክስቴ እንደማለት "ኤዶ" የምላቸው ሴትዮ፣ ከሚኒባሱ ወረዱ። "ልጁን ተወው" አሉት። "መንገዱን ሙሉ ስለ ሩዝ ሲያወራኝ ነው የመጣው። ነጋዴ ስለ ሩዝ ሲያወራ ዋጋ ይጠራል፤ ይሄ ግን ይቃትታል።"

ፈታሹ እቃ መመዘኛው ላይ አወጣኝ። ጃኬቶቹን አውልቄ ስመዘን የቀረኝ ግማሽ ኪሎ ነው። "ግማሽ ብቻ?" አለ፤ አሁን ደግሞ ከአሠልጣኜ ብሶ። "በል መልሰህ ልበስና ሩጥ!"

ሚኒባሱን ስዞር ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ኮው! ለባ! ሰደህ!" እያለ በሶማሊኛ ዙሩን ቆጠረልኝ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ኤዶ ነጠላ ጫማዬ ሲወልቅ እያነሱ ተከተሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሚዛኑን አለፍኩ። ከዚያ በቀጥታ ምግብ ቤት ገብቼ ፓስታ በሙዝ፣ ሦስት ሳህን። ከሰዓት ሪንግ ውስጥ እግሬ አልነሳ አለኝ፤ በሁለተኛው ዙር ተዘረርኩ። ግን ጠግቤ ነበር። ተጋድሜ ስስቅ አሠልጣኙ ጭንቅላቴን የተጎዳሁ መስሎት ሐኪም ጠራ።