የላይኛው ቤት ቴሌቪዥን

አባቴ ቴሌቪዥናችንን ከግድግዳ ላይ የነቀለው ታናሽ እህቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወደቀች ዓመት ነው። ያን ዓመት በሰፈራችን የወደቀውን ከመቁጠር ያለፈውን መቁጠር ይቀል ነበር፤ አባቴ ግን ለሁሉም ልጅ የሚሆን ምክንያት አልፈለገም። ለራሱ ልጅ የሚሆን ምክንያት ፈለገ፤ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሎ አገኘው። በአማርኛ የሚናገሩት የቱርክ ድራማዎች ናቸው ልጄን ያደነዘዟት አለና ዲኮደሩን ፈታ፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ቱላ ለሚኖረው አጎቴ በባጃጅ ላከው። የእህቴን ስማርት ስልክም ቀምቶ የቁልፍ ስልክ ሰጣት። ዲሹ ከጣሪያ ወርዶ ጓሮ ተጣለ፤ እናቴ በርበሬ ታሰጣበት ጀመር።

እኔ ያኔ መናኸሪያ አካባቢ አንድ የጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። ደመወዝ ስለማመጣ ስልኬን አባቴ አልነካውም፤ ሳሎን ውስጥ እንዳልከፍተው ብቻ ተነገረኝ። አባቴ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። ሲቆጣ አይጮህም፣ ይወስናል። እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ቤቴ ሰላም ገባ ብሎ መሰከረ። ሰላሙ ምን እንደሚመስል የምናውቀው እኛ ነን። ከራት በኋላ ተፋጠን እንቀመጣለን፤ ከጎረቤት የጎል ጩኸት ይሰማል፣ ማን ማን ላይ እንዳገባ ግን አናውቅም። እናቴ አላጉረመረመችም። ነገር ግን የአንዲት ሙሽራ ታሪክ መሀል ላይ ተቋርጦባት ነበርና፣ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ስለ ልጅቷ ስታስብ ያስታውቅባታል።

ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ፣ የታቦር ዳገት ላይ፣ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ቤት አለ። ባለቤቷ ዐረብ አገር ብዙ ዘመን ሠርታ የተመለሰች፣ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ናት። ያኔ ስለ እሷ ሳወራ «እሳቸው» እል ነበር፤ አሁን አፌ እንቢ ይለኛል፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ሰው ሲታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣ፣ ከለቅሶ የማትቀር፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ሴት ነበረች። እህቴ ፈተናውን በድጋሚ ለመውሰድ ታጠና ነበርና፣ መብራት ሲጠፋ እሳቸው ጋ ባትሪ አለ፣ እዚያ ሆኜ ላጥና ስትል አባቴ ሳያንገራግር ፈቀደ። ሴት ናት፣ አማኝ ናት፣ ቤቷም ቅርብ ነው። እዚያ ቤት ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አባቴ ብቻ ረሳው።

እናቴ አልረሳችም። ከእህቴ ጋር በዓይን ተግባብተው ነበር። እህቴ ማታ ማታ ማድ ቤት ገብታ የዕለቱን ድራማ በሹክሹክታ ትተርክላታለች። እንዴት ያለች ተራኪ ነበረች መሰላችሁ። የአማቲቱን አካሄድ ትሄዳለች፣ የሙሽራዋን ለቅሶ ታለቅሳለች፣ እናቴ ሳቋ እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ትጭናለች። ጫማዬን በር ላይ እያወለቅሁ እኔም እሰማ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከቴሌቪዥኑ የእህቴ ይሻል ነበር። ቤታችን በእነዚያ ምሽቶች ደስ ብሎት ነበር።

አንድ ቀን ትረካው ቆመ። እናቴ፣ ሙሽራዋ ነገሩን ደረሰችበት ወይ ብላ ስትጠይቅ እህቴ፣ እሱን አሁን አናይም አለቻት። ታዲያ ምን ታያላችሁ ብትባል፣ ሌላ ነገር። እናቴ እንደ ልጅ አኮረፈች። እህቴን አሳዘነቻት መሰለኝ፣ ያየችውን ልትነግራት ሞከረች፤ የዐረብ አገር ሰዎች ገበታ እንዴት እንደሚያቀርቡ፣ የመታጠቢያ ቤት ጨርቅና የማድ ቤት ጨርቅ እንደማይደባለቅ፣ ሕፃን ከእንቅልፉ እንዴት እንደሚቀሰቀስ፣ እንግዳ ሲኖር የት እንደሚቆም። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማቻትና፣ ይሄ ደግሞ ምኑ ድራማ ነው አለች። እኔ ሳቅሁ።

እህቴ ተለወጠች። የሳሎኑን መስኮት ሳትታዘዝ በጋዜጣ ትወለውላለች፣ የአባቴን ሸሚዝ ከሱቅ እንደወጣ አድርጋ ተኩሳ ታጥፋለች፣ ስትጠራ ሮጣ ትመጣለች። አባቴ ውኃ ሲላት «ሐዲር» ማለት ጀመረች። ምን ማለት ነው ሲላት፣ በዐረብኛ «እሺ፣ ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው አለችው። ደስታውን አልቻለውም። ቴሌቪዥን ከወጣ ወዲህ ልጄ ታዛዥ ሆነች ብሎ ለጸሎት ወንድሞቹ ተናገረ። መጽሐፎቿ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ተገልጠው ነበር፤ ሁልጊዜም እዚያው ገጽ ላይ።

ከሱቅ ቀደም ብዬ በወጣሁበት ቀን፣ ልጥራት ብዬ ወደ ላይኛው ቤት ወጣሁ። በር ላይ የሴት ልጅ ጫማ ተደርድሮ ነበር። ገባሁ። የሰፈራችን ልጆች፣ ሁሉም እህቴን የሚያህሉ፣ ምንጣፍ ላይ ተርታ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ዐረብ ሴት ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ታወራለች። ጎረቤታችን ሪሞት ይዛ ከጎን ተቀምጣለች፤ ሴቲቱ አንድ ነገር ስትል ድምፁን ታጠፋዋለች፣ ልጆቹ ይደግሙታል፣ እንደገና ትከፍተዋለች። ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ይስቃል፣ ያሽሟጥጣል፣ ስልኩን ይነካካል። እዚያ ቤት የሚስቅ አልነበረም። ጎረቤታችን ተነስታ ሳመችኝ፣ ጭማቂ ቀዳችልኝ፣ እህትሽ ከሁሉም ፈጣን ናት አለችኝ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ጭማቂውን ሳልጨርስ እህቴን ይዤ ወጣሁ።

ማታውን ለአባቴ ነገርኩት። የዐረብ ጣቢያ ነው የሚያዩት አልኩት፣ ቃል በቃል ያስደግሟቸዋል አልኩት። አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ልጄን ሃይማኖቷን ሊያስለውጧት ነው ብሎ ነው የደነገጠው። በነጋታው ኮቱን ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ዳገቱን ወጣ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ምንም የሃይማኖት ነገር የለበትም አለን፤ የቤት አያያዝና የምግብ ሙያ ነው፣ ሴትዮዋም የእኛው አማኝ ናት፣ አብረን ጸልየን ነው የተለያየነው። አባቴ በዚህ ዓለም ለልጁ የሚፈራላት ነገር ያ ብቻ ነበርና የጠየቀው ያንኑ ነው። እሷም የተጠየቀችውን በእውነት መለሰች። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ አልዋሸችውም።

የነገሩን ስም የነገረኝ የሱቁ ባለቤት ነው። ስማቸውን ትተን ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እህቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ሳለ፣ ሳህኑን እዚያ አስቀምጪው ቢሏት «ሐዲር፣ ማዳም» ብላቸው አረፈች። ከዚያ በእጇ አፏን ያዘች። ሀጂ ሳቁ። በዐረብኛ አንድ ሁለት ነገር ጠየቋት፣ እሷም ቀልጠፍ ብላ መለሰች፤ ስትመልስ ሳቃቸው እየጠፋ ሄደ። እሷ ከወጣች በኋላ ሜትራቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ እኛ መድረሳ የተማርነው ዐረብኛ አይደለም። ይሄ የማድ ቤት ዐረብኛ ነው። እሱን የሚማር ሰው ዐረብ አገር የሚሄድበት ቀን ተቆርጦለታል።»

ወዲያው ወጣሁ። እህቴን መንገድ ላይ፣ ወደ ሰፈራችን የሚያወጣው ዳገት ላይ ደረስኩባት። ልትሄጂ ነው ወይ አልኳት። ትክዳለች ብዬ ነበር፤ አልካደችም። ቆም ብላ ባዶውን የምሳ ዘንቢል ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ፈተናውን እንደማላልፍ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አባዬም ያውቃል» አለችኝ። «ቴሌቪዥኑን ያወጣው ያን ላለማየት ነው። እሷ ቤት ግን ጎበዝ ነኝ።»

የመጨረሻዋ ቃል አንጀቴን በላችው። እኛ ቤት ከዚያ በፊት ጎበዝ ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። ግን ፍርሃቴ በለጠና ጫማዬን ሳላወልቅ ለአባቴና ለእናቴ ሁሉንም ተናገርኩ። እናቴ በሲዳሙ አፎ ማልቀስ ጀመረች፤ ከልቧ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋባታል። አባቴ ከእንግዲህ ላይኛው ቤት መሄድ የለም ብሎ ወሰነ፣ በነጋታውም ተነስቶ ቱላ ወረደ። ሲመለስ ቴሌቪዥኑን በዚያው ብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ታቅፎት ነበር።

እንዲህ ነበር ያሰበው፤ ልጁን ከቤት ያወጣት ስክሪን ስለሆነ ስክሪን ይመልሳታል። ያን ቀን ከሰዓት ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ጣሪያ ላይ ወጣ፤ እናቴ በርበሬዋን ወደ ሰፌድ ገለበጠች። ምሽቱን አባቴ ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ ለእህቴ ዘረጋላት፣ ልጄ የምትፈልጊውን ክፈቺ አላት። አባቴ ለማንም እንደዚያ እጁን ሲዘረጋ አይቼ አላውቅም። እህቴ አመስግና ተቀበለችና ለእናቴ ሰጠቻት። ድራማው ተከፈተ። እናቴ ከመሀል የቀረባትን ስትጠይቅ እህቴ ትመልስላታለች፣ ባዶ ብርጭቆ ታነሳለች፣ የአባቴን መደገፊያ ታስተካክላለች። የተቀመጠችው ወንበሩ ጠርዝ ላይ ነበር፣ የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ። አባቴ በፈገግታ ወደ እኔ ይመለከታል፤ እኔ ፈገግ ማለት አቃተኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለፈተና ልመዝገብ ብላ ወጣች፣ አልተመለሰችም። መናኸሪያ ሄጄ ረዳቶቹን ብጠይቅ፣ በማለዳ ከሌሎች ሴቶች ጋር ወደ አዲስ አበባ ስትሳፈር ያየ ሰው አገኘሁ። አባቴ ቀበሌም ፖሊስም ሄደ፤ ዕድሜዋ ሞልቷል፣ በፈቃዷ ነው የሄደችው አሉት። ከዚያ ወደ ላይኛው ቤት ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። ሴትዮዋ በር ላይ ተቀበለችን። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር።

«እኔ ማንንም ጎትቼ አላመጣሁም፣ ጋሼ። ልጅዎ በእግሯ መጣች፣ እርስዎም ፈቅደው ነው።»

ከኋላዋ ቴሌቪዥኑ ይሰማል፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ልጆች አንድ ቃል ይደግማሉ፣ ድምፁ ይመለሳል። በሩ ላይ የተደረደሩት ጫማዎች በልክ ከበፊቶቹ ያነሱ ነበሩ። አባቴ ቁልቁል አያቸውና ዳገቱን እኔን ተደግፎ ወረደ።

እህቴ የደወለችው ወራት ካለፉ በኋላ ነው፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሁላችንም ቤት ሳለን። በእኔ ስልክ ነበር። ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሰው የተኛበት ክፍል ውስጥ እንዳለች ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ ቴሌቪዥን ይጮኻል። ደህና ነኝ አለች። እናቴ ትበያለሽ ወይ አለቻት፤ እበላለሁ አለች። ትተኛለሽ ወይ አለቻት፤ ሕፃኑን እሽሽ አለችና እተኛለሁ አለች። አባቴ ልጸልይልሽ አላት። ቶሎ በል አባዬ አለችው።

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። መሀል ላይ ከዚያ ወገን የሴት ድምፅ መጣ፣ አንድ ስም ጠራ። ደግሞ ጠራ፣ አሁን በቁጣ። ማናችንም የማናውቀው ስም ነበር። እናቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ማንን ነው የሚጠሩት?»

«እኔን ነው፣ እማዬ» አለች እህቴ። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ እየደጋገምን እንደውላለን። ቁጥሩ ይጠራል፣ የሚያነሳው ግን የለም። ቢነሳም ማንን አቅርቡልን ብለን እንደምንጠይቅ አናውቅም፤ ያን ስም አንዳችንም አልያዝነውም።